«አይድንም» ማለት ተስፋ መቁረጥ ነው?

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው። አባባ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ዘንድሮ ሕመም ሲደጋግመው አዲስ አበባ ወሰድነው። የጉበት ካንሰር ነው፣ ተሠራጭቷል፣ ቤት ወስዳችሁ ሕመሙን አስታግሱለት አሉን። እማማ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላለች፣ ይድናል ትላለች። ታናሽ ወንድሜ የሚያመልከው ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ ደግሞ "ድኗል ብለሽ አውጂ፣ በአፍሽ ሞት አትጥሪ" ይለኛል። የሐኪሙን ወረቀት ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ቀን "እስቲ ለሚሆነው ነገር እንዘጋጅ" ብል እማማ "አታሟርቺ!" ብላ ጮኸችብኝ። አባባ ማታ ማታ እማማ ስትተኛ "ሐኪሙ ምን አለ?" ይለኛል፤ ጨጓራ ነው እለዋለሁ። ይድናል ብዬ መጠበቅ አቁሜያለሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ ማለት ነው? ቀቢጸ ተስፋ ኃጢአት ነው ሲባል ስለምሰማ እፈራለሁ። ክርስቲያን ተስፋ የሚያደርገው ምኑን ነው?»

እኅቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በጉባኤያችን ተስፋ ከእምነትና ከፍቅር ጋር በአንድ ትንፋሽ ተጠርቶ የሚታለፍ ርእስ ነው። ስለ እምነት ወር ሙሉ እንማራለን፣ ስለ ፍቅር በየሳምንቱ ይሰበካል፤ ስለ ተስፋ የሚጠይቀኝ ግን ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ብቻ ነው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ተስፋ አልቆረጥሽም። ያቆምሽው አባትሽ ከዚህ ሕመም ይነሣሉ ብሎ መጠበቅን ነው። እሱ የምርመራ ጉዳይ ነው፤ ወረቀቱን ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ እዚያው ይደርሳል። ክርስቲያን ተስፋ የሚያደርገው ደግሞ ሐኪም ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም የማይችለውን ነገር ነው። ሁለቱ ስለተደባለቁብሽ አንደኛው ሲወድቅ ሌላውም አብሮ የወደቀ መሰለሽ። በአንቺ አልተጀመረም፤ በብዙ ቤት እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ያስፈራሽን ነገር እናንሣው። ቀቢጸ ተስፋ ኃጢአት ነው፣ ልክ ነው። ግን የትኛው? ቃየን ወንድሙን ገድሎ «ኃጢአቴ ልሸከማት የማልችላት ታላቅ ናት» አለ። ይሁዳ ሠላሳውን ብር በቤተ መቅደስ ጥሎ ሄዶ ታነቀ። ጴጥሮስ በዚያችው ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ፤ ወጥቶ ግን ምርር ብሎ አለቀሰ፣ ተመለሰም። ሁለቱን ደቀ መዛሙርት የለያያቸው አንዱ ምሕረት አለ ብሎ መመለሱ፣ ሌላው ለእኔ ምሕረት የለም ብሎ መደምደሙ ነው። ቀቢጸ ተስፋ ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ከእንግዲህ ይቅር አይለኝም ብሎ ፋይሉን መዝጋት። «አባቴ በዚህ በሽታ ሊሞት ነው» ማለት እዚህ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሥ ሕዝቅያስን «ትሞታለህና በሕይወትም አትኖርምና ቤትህን አስተካክል» ብሎታል። ነቢዩን አታሟርት ያለው አልነበረም።

እንግዲህ ምኑን ነው ተስፋ የምናደርገው? ሩቅ አትሂጂ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ መጨረሻው ድገሚው። በ325 ዓ.ም. ኒቅያ ላይ 318ቱ፣ በ381 ዓ.ም. ቁስጥንጥንያ ላይ 150ው ሊቃውንት የወሰኑት ነው። እናምናለን፣ እናምናለን እያለ ይመጣና መዝጊያው ላይ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን፣ የሚመጣውንም ዓለም ሕይወት ይላል። በቃ። ዕድሜ መርዘም፣ ከካንሰር መዳን፣ ሥራ ማግኘት፣ ቪዛ መውጣት እዚያ ውስጥ የሉም። እነዚህን መለመን ይቻላል፣ ይገባልም፤ ክርስትና ግን የቆመው በእነሱ ላይ አይደለም። የሃይማኖታችን ምሰሶ ከሆኑት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሳያሽሞነሙን ነው የጻፈላቸው፦ «በዚህች ሕይወት ብቻ ክርስቶስን ተስፋ ያደረግን ከሆነ፥ ከሰው ሁሉ ይልቅ ምስኪኖች ነን።»

አንድ ነገር ልጨምርበት። ነገ ጥሩ ይሆናል ብሎ ማሰብ የጠባይ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠርም ቀና ነው፤ የድሬ ልጅማ «አቦ ተወው፣ ይስተካከላል» ብሎ ነው የሚያድገው። ደስ ይላል፣ እኔም እወድለታለሁ፣ ሃይማኖት ግን አይደለም። የክርስቲያን ተስፋ ወደ ፊት የሚያይ ቢሆንም መሠረቱ ከኋላ ነው፤ ክርስቶስ ከሙታን ተነሥቷል፣ «ላንቀላፉት በኵራት ሆኖ»። በቅዳሴ ጊዜ ሞቱንና ትንሣኤውን እንናገራለን፣ ዳግም መምጣቱን እናምናለን የምንለው፣ የመጨረሻው በፊተኛው ላይ ስለተደገፈ ነው። ስለዚህ ጠባይሽ ጨለምተኛ ቢሆን እንኳ፣ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣሽ፣ የሚያጽናናሽ ሁሉ ቢያናድድሽ፣ ተስፋሽ ያለበት ቦታ አልተነካም። በስሜትሽ የሚለካ ነገር አይደለም።

አሁን ስለ ቁልቢ። ከመልሴ ሁሉ ረጋ ብለሽ እንድታነቢልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

የደንገጎን ዳገት ወጥተን ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ታኅሣሥ 19 የምናነግሠው ምን ስለሆነበት ነው? ደብሩን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው፤ የዕለቱ በዓል ግን የሠለስቱ ደቂቅ ነው፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከባቢሎን እቶን የወጡበት። ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው፣ ጃንጥላ ይዞ የሚመጣው፣ በስለት ያገኘችውን ልጅ አዝላ የምትመጣው፣ ሁሉም የሚያስበው የእሳቱን መብረድ ነው። ከእሳቱ በፊት የተባለውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ናቡከደነፆር ከእጄ የሚያድናችሁ አምላክ ማን ነው ሲላቸው፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ከእጅህም ያድነናል አሉ። ቀጠሉና «ነገር ግን፥ እርሱ ባያድነን» አሉት፤ ባያድነንም ላቆምኸው ምስል አንሰግድም።

ይህን ሲሉ እቶኑ ገና ሰባት እጥፍ አልነደደም፣ መልአኩም አልወረደም። እንደሚድኑ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ይችላል ብለው አመኑ፣ ያድነናልም ብለው ተናገሩ፣ አምላክነቱን ግን በመዳናቸው አልመዘኑትም። «ይችላል» እና «ባያድነንም» በአንድ አፍ ውስጥ ተገናኙ፤ አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም። አንቺ እያመንሽ «ላይድን ይችላል» ስትዪ እምነት ጎድሎሻል የሚልሽ ካለ፣ ለሠለስቱ ደቂቅም ጎድሏቸዋል ማለቱ ነው።

የሐምሌውን ደግሞ ተመልከቺ። ሐምሌ 19 ቁልቢ የምንወጣው ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በቅዱስ ገብርኤል ከፈላው ውሃ የዳኑበት ቀን ስለሆነ ነው። እነዚሁ እናትና ልጅ በሰማዕትነት የሞቱበት ቀንም አለ፤ ጥር 15 ነው። ከፈላው ውሃ አወጣቸው፣ ከሰይፉ ግን አላወጣቸውም። እግዚአብሔር በሐምሌ አስቦ በጥር ረሳቸው የሚል አንድም መጽሐፍ የለንም። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ቀን ታከብራለች፤ እንዲያውም የቂርቆስ ወርኃዊ መታሰቢያ የሚውለው በ15 ነው፣ ባረፈበት ቀን። የቅዱሳን ዜና የሚነበብበት ስንክሳሩ ሲነበብ ልብ ብለሽ ስሚ፣ እንዲህ ያለው ነገር ሞልቶበታል፤ ከአንበሳ አፍ የዳነ ሰማዕት በሰይፍ ያርፋል። ተአምሩ ጊዜ ሰጣቸው እንጂ ሞትን አላስቀረላቸውም። ሞትን የሚያስቀረው ሌላ ነው።

ከዚህም ወደ ኋላ ሂጂ። አዳም «ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ተብሎ ቃል ሲገባለት ቀጠሮው 5500 ዘመን ነበር ብለው ሊቃውንቱ ያስተምሩናል። በየዓመቱ መስከረም 1 በዓላትና አጽዋማት ሲታወጁ ያ 5500 ከምሕረቱ ዓመት ጋር ተደምሮ ነው ስሌቱ የሚጀምረው። ብዙ ሰው ለቁጥር ብቻ ይሰማዋል። በዚያ ዘመን መሐል አቤል፣ ኖኅ፣ አብርሃም፣ ሙሴ ኖረው ሞቱ፤ አንዳቸውም የተጠበቀው ሲፈጸም አላዩም። የዕብራውያን መልእክት 11 ላይ የእምነት ሰዎችን አንድ በአንድ እየዘረዘረ መሐል ላይ «እነዚህ ሁሉ አምነው ሞቱ፥ የተሰጣቸውን የተስፋ ቃል አላገኙም ነገር ግን ከሩቅ ሆነው አዩትና ተሳለሙት» ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን የደብር ጉልላት ከሩቅ ስናይ ጎንበስ ብለን እንደምንሳለመው ማለት ነው፤ መኪናው ላይቆም ይችላል፣ ደብሩ ግን አለ። አባትሽ ተሳልመው ቢያልፉ ከአብርሃም ያነሰ ነገር አልደረሰባቸውም።

ወንድምሽን አትጣዪው። የሚያውጀው አባቱን ስለሚወድ ነው። ብዙ የፕሮቴስታንት መምህራንም ይህን ዓይነቱን ትምህርት እንደሚቃወሙ ንገሪው። ክርክር ከፈለገ በጋራ መጽሐፋችን ተከራከሪው። ጳውሎስ ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ በሽተኛ እየፈወሰ፣ ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት ሄዷል። ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ አለው እንጂ ዳንሁ ብለህ አውጅ አላለውም። ለራሱም የሥጋው መውጊያ እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። እኔን በዚህ ትምህርት ላይ የሚያስቆጣኝ ግን ከቀብር በኋላ የሚመጣው ነው። በሽተኛው ሲሞት ተጠያቂ ይፈለጋል፤ ወይ ሟቹ ደካማ እምነት ነበረው ይባላል፣ ወይ ከቤቱ አንዱ «አይድንም» ብሏል ይባላል። አንቺን ያን ዕዳ ሊያሸክሙሽ ቢሞክሩ አትቀበዪ። የሰው ቃል አባትሽን አይገድላቸውም።

በዚህ ከተማ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድም አያሻም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የተረፈው እግዚአብሔር አወጣኝ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሊያመሰግን ይገባዋል። ግን እግዚአብሔርን ተስፋ ማድረግ መትረፍ ማለት ብቻ ቢሆን፣ ከአጥሩ ወዲያ የተወሰዱትን ጎረቤቶቹን ምን ልንላቸው ነው? የጸለየም ያልጸለየም አንድ ላይ ነው የሄደው። የሙታን መነሣት ግን ውሃ የወሰደውንም አይተውም።

ስለ ማልቀስ ብዙ አልጽፍም። ጳውሎስ ተሰሎንቄዎችን ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ አላቸው እንጂ አታልቅሱ አላላቸውም። ጌታም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፈሰሰ። ከዚህ በላይ ፈቃድ የሚፈልግ የለም። «ተስፋ ያለው ክርስቲያን አያለቅስም» እያሉ በለቅሶ ቤት የሚገሥጹ ሰዎች ሲገጥሙሽ ስሚና እለፊያቸው።

ወደ «ጨጓራ ነው» እንምጣ። እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው። አባትሽ ማታ ማታ፣ እናትሽ ሲተኙ፣ አንቺን ብቻ የሚጠይቁሽ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ቀበቶአቸው ስንት ቀዳዳ እንደገባ እሳቸው ያውቃሉ፤ ዓይናቸው ብጫ ሆኖ ከሆነ ጢማቸውን ሲላጩ መስተዋት ውስጥ አይተውታል። የሚፈልጉት አብሯቸው የሚያውቅ ሰው ነው። ሕመምን ከታማሚ መደበቅ በእኛ አገር ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፣ አልሰድበውም፤ የሚወስድባቸው ግን ብዙ ነው። ንስሐ አለ፣ ቁርባን አለ። ምናልባት ያኮረፉት ወንድም ወይም የድሮ የሥራ ባልደረባ ይኖራል፣ አደራ የሚሉት ነገር ይኖራል። ጨጓራ ነው የተባለ ሰው ለእነዚህ አይቸኩልም።

ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትዘርግፊባቸው። ሲጠይቁሽ «አባባ፣ ላንተስ ምን ይመስልሃል?» በያቸውና ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝም አትሙዪው። «ከባድ ነው መሰለኝ» ካሉ «አዎ፣ ከባድ ነው ብለዋል» በዪ። ከዚያ በላይ ከጠየቁ መልሺ፣ ካልጠየቁ አትጨምሪ። ስንት ጊዜ ቀረኝ ቢሉሽ ቀኑን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው ማለት ማምለጫ አይደለም፣ እውነትም ነው፤ ሐኪምም ቀን ቆርጦ መናገር አይችልም። እጃቸውን መያዝ አትርሺ።

በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ። ትዳራቸው በቁርባን ባይሆንም እንኳ መንገዱን እሳቸው ያሳዩዋችኋል፣ ይህን ምክንያት አድርጋችሁ አትዘግዩ። ለታመመ ሰው ተጸልዮ ዘይት የሚቀባበት ምሥጢረ ቀንዲልም አለ። ሰዉ ካህን ቀንዲል ይዞ ሲገባ ያበቃለት እየመሰለው ይሸሸዋል፤ ያዕቆብ ግን «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው ያለው፣ ሊሞት የተቃረበ ብቻ አላለም። ጸሎቱም የሥጋ ፈውስንና የኃጢአት ስርየትን አንድ ላይ ነው የሚለምነው። እናትሽ ይህን ሲሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

የሕመም ማስታገሻውን ነገርም ላንሣው። ሐኪሙ ሞርፊን አዝዞላቸው ከሆነ ባዘዘው ሰዓትና መጠን ስጧቸው፤ ሱስ ይሆንባቸዋል እያላችሁ አትቀንሱባቸው፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ጸበሉን እየጠጡ መድኃኒቱን መውሰድ ይችላሉ። ለሕዝቅያስ 15 ዓመት ሲጨመርለት ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል፤ ተአምሩም መድኃኒቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። ስቃይን ዝም ብሎ መታገሥ በራሱ ጽድቅ የሚመስላቸው ሰዎች ይመክሯችሁ ይሆናል። ሕመሙ ጋብ ያለለት ሰው ነው መጸለይም ከልጆቹ ጋር መነጋገርም የሚችለው።

እንዲድኑ መለመን ላቁም ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ከጥያቄሽ ጀርባ አለ። አታቁሚ። ጌታ በጌቴሴማኒ «ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለምኗል፤ ፈቃዱን ለአባቱ የተወው ልመናውን ከለመነ በኋላ ነው። የፈለግሽውን ሳትናገሪ ወደ «ፈቃድህ ይሁን» አትዝለዪ። ሕዝቅያስም ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ሲያለቅስ ይሰጠኛል ብሎ ሳይሆን ስለጨነቀው ነበር፣ ተሰጠውም። ይሰጥሽ ይሆናል። ባይሰጥሽም የተነፈግሽው በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ላይ ያለውን አይደለም።

የእናትሽ ስለት ይቀረኛል። ስለት ለመልአኩ የሚከፈል የሕክምና ዋጋ አይደለም፤ ምስጋና ነው። እናትሽ ይህን ካላወቁ፣ አባትሽ ባረፉ ማግሥት ገብርኤል ተወኝ ብለው ልባቸው ከደብሩ ሊሸሽ ይችላል፤ እኔ ለአባትሽ ከምሰጋው በላይ የምሰጋው ለዚህ ነው። ስለዚህ አታፍርሺባቸው፣ ይድናል ሲሉም አትከራከሪያቸው። ቢድንም ባይድንም ታኅሣሥ 19 አብሬሽ ቁልቢ እወጣለሁ በያቸው። አባትሽ ባይድኑ ጃንጥላውን የማግባት ግዴታ የለባቸውም፣ ስለቱ ቢድንልኝ ተብሎ የተገባ ስለሆነ፤ ማግባት ከፈለጉም የሚከለክላቸው የለም፣ የሠለስቱን ደቂቅ ቃል ያን ጊዜ ብታነቢላቸው ይገባቸዋል። ይህን ከእናትሽ ጋር አሁን ተነጋገሪው፤ ድንኳን ከተተከለ በኋላ በሰው መሐል የሚባል ነገር አይደለም።